በአንድ እሳት የበሉ፦ «ሁዎባን» የሚለው የቻይንኛ ቃል በሥነ ጽሑፍ

ጠያቂያችን የጻፉልን ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ወንድ መስላ ስለዘመተችው ልጃገረድ፣ ስለ ሙላን የተገጠመውን ጥንታዊ ግጥም ከቻይንኛ ወደ አማርኛ ለመመለስ እየሞከርኩ ነው። ሙላን ከዘመቻ ተመልሳ የሴት ልብሷን ለብሳ ስትወጣ የሚያዩአት ሰዎች ‹ሁዎባን› ተብለዋል። መዝገበ ቃላቴ ቃሉን ‹አጋር፣ ሸሪክ› ብሎ ይፈታዋል፤ በግጥሙ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ፊደል ‹እሳት› የሚለው ነው። እሳትን ከባልደረባ ጋር ምን አገናኘው? በአማርኛስ ጓደኛ፣ ጓድ ወይስ ባልንጀራ ልበለው?»

መዝገበ ቃላትዎ አልተሳሳተም፤ የነገረዎ ግን ቃሉ ዛሬ የደረሰበትን እንጂ የተነሣበትን አይደለም። በግጥሙ ውስጥ ያለውን ክብደት ለማግኘት እርስዎ ካስተዋሉት ፊደል፣ ከእሳቱ መነሣት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ ሁለት ክፍል አለው። «ሁዎ» እሳት ነው፤ «ባን» ደግሞ ከጎን ሆኖ አብሮ የሚሄድ ሰው ነው። እሳቱ የማብሰያ እሳት ነው። በጥንቱ የቻይና ሠራዊት ወታደሮች ምግባቸውን በቡድን በቡድን ሆነው ያበስሉ ስለነበር፣ በአንድ እሳት ዙሪያ ተቀምጦ ከአንድ ድስት የሚበላው ቡድን ራሱ «እሳት» ተባለ፤ የአንዱ «እሳት» አባላትም እርስ በርሳቸው «ሁዎባን» ሆኑ። ቃሉ ሲወለድ የጦር ሰፈር ቃል ነበር ማለት ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚበላና እንደሚያድር የሚወስነው ልብ ሳይሆን የሠራዊቱ መዝገብ ነበር።

በ1060 ተጠናቆ ለንጉሠ ነገሥቱ የቀረበው «አዲሱ የታንግ ታሪክ» የተባለው መጽሐፍ፣ ከ618 እስከ 907 የገዛውን የታንግ ሥርወ መንግሥት ሠራዊት ሲገልጽ፣ ሦስት መቶ ወታደር አንድ «ቱዋን»፣ ሃምሳ ወታደር አንድ «ዱይ»፣ አሥር ወታደር ደግሞ አንድ «ሁዎ» እንደነበር፣ እያንዳንዱም የራሱ አለቃ እንደነበረው ያስረዳል። አንድ «ሁዎ» ስድስት የጭነት ፈረሶች ነበሩት፤ ጥቁር የጨርቅ ድንኳን፣ የብረት የፈረስ ማጠጫ፣ አካፋ፣ መቆፈሪያ፣ መሮ፣ ሙቀጫ፣ ቅርጫት፣ መጥረቢያ፣ ጉጠትና መጋዝ አንድ አንድ፣ ማጭድ ደግሞ ሁለት፣ ለአሥሩም በጋራ ይያዝ ነበር። ቀስቱን፣ ሠላሳ ፍላጻውንና ስንቁን፣ ማለትም ዘጠኝ «ዶው» (የእህል መስፈሪያ ነው) ስንዴና ሁለት «ዶው» ሩዝ፣ እያንዳንዱ ወታደር ከራሱ ያመጣ ነበር። ዝርዝሩን ያመጣሁት የቃሉ ትርጉም በቁስ የሚታየው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው፦ ስንቁ ከየቤቱ የመጣ፣ ሙቀጫውና ድንኳኑ ግን የሁሉም ነው። ሙላንም በግጥሙ መጀመሪያ ፈረሷን ከምሥራቁ ገበያ፣ ኮርቻዋን ከምዕራቡ፣ ልጓሟን ከደቡቡ፣ አለንጋዋን ከሰሜኑ ገበያ ገዝታ ትነሣለች፤ የግል ትጥቋን ይዛ ሄዳ ወደ አንድ የጋራ እሳት የምትገባ ወታደር ናት።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ አደረጃጀት እንግዳ አይደለም። በታንግ ሠራዊት የአሥሩ ሰው አለቃ «ሁዎጃንግ»፣ ማለትም «የእሳቱ አለቃ» ይባል ነበር፤ ከእኛ ዘንድ ስሙ አሥር አለቃ ነው። የሃምሳውም አለቃ ከእኛ ሃምሳ አለቃ ጋር በቁጥር ይገጥማል። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 18 ሙሴ በሕዝቡ ላይ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆችን እንዲሾም የተመከረውን ለሚያስታውስ ሰው፣ አሥርና ሃምሳ ሰዎችን በአንድ ለመግዛት የሚያመቹ ቁጥሮች እንደሆኑ ሕዝቦች በየፊናቸው ደርሰውበታል ብሎ ማሰብ አይከብደውም። እኛ አለቃውን በቁጥሩ ጠራነው፤ ቻይናውያን ግን ቡድኑን በሚሞቀውና በሚያበስለው እሳት ጠሩት። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ቃሉ ወደ ግጥም እንዲገባ በሩን የከፈተለት እሱ ነው።

የሙላን ግጥም መነሻ ግን ከታንግ የሚቀድም፣ ከ386 እስከ 534 በሰሜን ቻይና ከገዛው ከሰሜናዊ ዌይ ዘመን ጋር የሚያያዝ ስለሆነ፣ የታንግ ሕግ ለዚያ ዘመን ምስክር ይሆናል ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሼን ዩዌ (441–513) የጻፈው፣ በዚያው ዘመን በደቡብ ቻይና የነበረው የሊዩ ሶንግ መንግሥት ታሪክ እዚህ ላይ ይረዳናል። ቡ ቲየንሸንግ ስለተባለ ወጣት መኮንን ሲተርክ «አሥር ሰዎች በአንድ እሳት ነበሩ» ይላል። ከቤቱ ጀርባ ስፋቱ አምስት ሜትር ያህል የሆነ ጉድጓድ ነበር፤ አሥሩም ለመዝለል ሲሞክሩ ዘጠኙ ተሻገሩ፣ ቲየንሸንግ ብቻ ወደቀ። እሱም ጠንካራ ቀርከሃ ቆርጦ፣ ጫፉን አሹሎ፣ በጉድጓዱ ውስጥ ካጠላለፈ በኋላ ባልደረቦቹን እንደገና እንዲዘሉ ጠራቸው። ሁሉም ፈሩ። እሱ ግን ይህን መዝለል ያቃተው ወንድ ለምን ይኖራል ብሎ ከአሥር ጊዜ በላይ ወዲያና ወዲህ ዘለለው፤ ሁሉም ተደነቁበት። ታሪኩ የተጻፈው ስለ ጀግንነቱ ነው፤ እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው በዘጠኝ ሰዎች ፊት መውደቁን መታገሥ ያልቻለው ሰዎቹ እነማን ስለሆኑ ነው? በየቀኑ ከአንድ ድስት አብረውት የሚበሉ፣ ነገም እሳቱ ዳር የሚያገኛቸው ሰዎች ስለሆኑ ነው። «ሁዎባን» ፍቅር ብቻ ያለበት ቃል አይደለም፤ እፍረትም፣ ፉክክርም፣ መተያየትም አለበት።

ሁለተኛውን ክፍል፣ «ባን»ን በተመለከተ፣ ፊደሉ በግራ በኩል የ«ሰው» ምልክት፣ በቀኝ በኩል «ግማሽ» የሚለው ፊደል አለው። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች «ባልደረባ ማለት የሰው ግማሽ ነው» ይላሉ። ውብ ፍቺ ነው፤ ግን በትርጉምዎ ግርጌ እንዳይጽፉት እመክራለሁ። የ«ግማሽ» ፊደል እዚያ የገባው «ባን» የሚለውን ድምፅ ለማመልከት ነው፤ አብዛኞቹ የቻይንኛ ፊደላት የሚሠሩት በዚህ መንገድ፣ አንዱ ክፍል ትርጉም ሌላው ክፍል ድምፅ እየሰጠ ነው። እንዲያውም ሹ ሸን በ100 ዓመተ ምሕረት ባጠናቀቀው ታላቅ የፊደል መዝገብ፣ ይህ ፊደል የተፈታው «ትልቅነት ያለው» ተብሎ ነው። አብሮ የመሄድን ትርጉም ሹ ሸን የሰጠው ለሌላ ፊደል ነው፤ እሱም ሁለት ጎልማሳ ወንዶች ጎን ለጎን ቆመው የሚታዩበት ፊደል ሲሆን፣ «አብሮ መሄድ» ብሎ ከፈታው በኋላ አነባበቡ እንደ «ባን» መሆኑን ጨምሮ ጽፏል። ይኸው የሁለት ሰዎች ምስል በሰው ጉልበት የሚሳበውን ሠረገላ በሚያመለክተው ፊደል ውስጥም ይገኛል። እርምጃቸውን አስተካክለው አንድ ሠረገላ የሚስቡ ሁለት ሰዎች፦ ለ«ባን» ከግማሽ ሰው ይልቅ ይህ ሥዕል የቀረበ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ግጥሙ እንመለስ። ዛሬ የምናነበው ጽሑፍ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ጉዎ ማውቺየን ባሰባሰበው የዜማ ግጥሞች መድበል ውስጥ ይገኛል፤ የቻይና ተማሪዎችም በትምህርት ቤት በቃላቸው ያጠኑታል። ሙላን ከዘመቻ ተመልሳ ወደ ቤቷ ትገባለች። የምሥራቁን ክፍል በር ትከፍታለች፣ በምዕራቡ ክፍል አልጋ ላይ ትቀመጣለች፣ የጦርነት ካባዋን አውልቃ የቀድሞ ልብሷን ትለብሳለች፣ በመስኮቱ አጠገብ ደመና የመሰለ ጠጉሯን ታበጃለች፣ በመስታወት ፊት ቢጫ ጌጥ በግንባሯ ላይ ትለጥፋለች። ከዚያ አራት ስንኞች ይመጣሉ፤ ቃሉን ሳልተረጉም እንዲሁ ላስቀምጣቸው፦

ከበር ወጥታ ሁዎባኖቿን አየች፤
ሁዎባኖቿ ሁሉ ደነገጡ፦
አሥራ ሁለት ዓመት አብረው ሲጓዙ
ሙላን ሴት መሆኗን አላወቁም።

ቃሉ የመጀመሪያው ስንኝ መጨረሻ፣ ወዲያውም የሁለተኛው ስንኝ መጀመሪያ ሆኖ ሁለት ጊዜ ይመጣል። በአንደኛው ስንኝ የምታየው እሷ ናት፤ በሁለተኛው የሚያዩት እነሱ ናቸው። በሩ ላይ የሆነው መተያየት በቃሉ ድግግሞሽ ላይ ተሠርቷል፤ ስለዚህ ትርጉምዎ ሁለተኛውን «እነሱም» ብሎ ቢያልፈው የስንኙ መገጣጠሚያ ይፈታል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የቃሉ ምርጫ ራሱ ነው። ገጣሚው «ወዳጆች» ሊል ይችል ነበር፤ «ወታደሮች» ሊልም ይችል ነበር። ወዳጅ የልብን ምሥጢር ያውቃል ተብሎ ስለሚጠበቅ፣ ወዳጆቿ አላወቁም ቢባል ወዳጅነቱ ይጠየቃል። ወታደሮች አላወቁም ቢባል ደግሞ አያስደንቅም፤ በሺህ በሚቆጠር ሠራዊት መካከል አንድ ሰው ሊሰወር ይችላል። «ሁዎባን» ግን ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። በአንድ ድንኳን ያደሩ፣ በአንድ ሙቀጫ የወቀጡ፣ በብርድ ሌሊት በአንድ እሳት የሞቁ ናቸው። የማያዩት ነገር ሊኖር አይገባም ነበር። የድንጋጤያቸው መጠን የሚለካው በዚያ ቅርበት ነው፤ ቅርበቱን የሚነግረንም በግጥሙ ውስጥ ሌላ ምንም ነገር የለም፤ ገጣሚው ያን ሁሉ ጊዜ፣ ጦርነቱን ጭምር፣ በጥቂት ስንኞች ሮጦበታልና። አሥራ ሁለቱን ዓመት በሙሉ የተሸከመው «እሳት» የሚለው አንድ ፊደል ነው።

እግረ መንገዴን ስለ «አሥራ ሁለት» አንድ ነገር ልበል። በዚሁ ግጥም የጦሩ ጥሪ አሥራ ሁለት ጥቅል ነው፣ የሙላን ሹመትም አሥራ ሁለት እርከን ነው፤ በሌላ ስንኝ ግን ጀግኖቹ የተመለሱት በአሥር ዓመት ነው ይላል። ቁጥሩ ብዛትን ለማመልከት የገባ ስለሆነ፣ በትርጉምዎ ሁለቱን ለማስታረቅ አይድከሙ።

ግጥሙ የሚዘጋው በጥንቸሎች ምሳሌ ነው፤ ወንዱ ጥንቸል እግሩ ይወራጫል፣ ሴቷ ዓይኗ ይጨፈናል፣ ሁለቱ አብረው ሲሮጡ ግን ወንድ ልሁን ሴት ማን ይለያል? ይላል። ብዙ አንባቢ ይህን የብልህ ቀልድ አድርጎ ያልፈዋል። እኔ ለሁዎባኖቹ የተሰጠ መልስ አድርጌ አነበዋለሁ። ቆማችሁ ብታዩኝ ባወቃችሁኝ፤ እኛ ግን አብረን ስንሮጥ ነበር፣ ትላቸዋለች። አብሮነቱ ራሱ ሸፈናት እንጂ እነሱ ቸልተኞች አልነበሩም፤ ምሳሌው ከእፍረት ያድናቸዋል።

ቃሉ ከሠራዊት ወጥቶ ወደ ንግድ ሲሻገር የሚያሳየን ደግሞ የታንጉ ገጣሚ ዩዋን ጄን (779–831) ነው። ስለ ተጓዥ ነጋዴዎች በጻፈው ግጥም፣ ነጋዴ ቋሚ መኖሪያ እንደሌለው፣ ትርፍ ወዳለበት እንደሚሄድ ከተናገረ በኋላ፣ «ከበር ወጥቶ ሁዎባን ይፈልጋል፤ ወደ ቤት ገብቶ አባቱንና ታላላቅ ወንድሞቹን ይሰናበታል» ይላል። አባትና ወንድሞቹ ትርፍን እንጂ ስምን አትፈልግ ብለው ይመክሩታል፤ ሁዎባኖቹ ደግሞ እርስ በርሳቸው ይማማላሉ፦ ሐሰተኛውን ዕቃ ሽጡ፣ እውነተኛውን አትሽጡ። የመጀመሪያውን ስንኝ ከሙላን ጋር ያስተያዩት፤ «ከበር ወጥታ ሁዎባኖቿን አየች»፣ «ከበር ወጥቶ ሁዎባን ይፈልጋል»። የሙላን ስንኝ በጆሮው ላለ አንባቢ ምሬቱ ግልጽ ነው። በአንድ እሳት መብላት ታማኝነትን የወለደበት ቃል፣ እዚህ ለማጭበርበር የሚማማሉ ሰዎች ስም ሆኗል። እንደ ሲራራ ነጋዴዎቻችን ዓይነቱ ንግድ ረጅም መንገድ አብሮ መጓዝን፣ አብሮ ማደርንና አብሮ ማብሰልን ስለሚጠይቅ፣ ቃሉ ወደ ነጋዴው መሻገሩ የሚጠበቅ ነበር፤ ዩዋን ጄን ግን መሻገሩን እንደ ውድቀት አሳየው።

በኋላ ዘመን ጸሐፍት እሳቱን ከፊደሉ አራቁት። በአንድ በኩል «እሳት» በሚለው ላይ የ«ሰው» ምልክት ጨመሩበት፤ ዛሬ በዋናው ቻይና የሚጻፈው ይህ ነው። በሌላ በኩል በድምፅ የሚመሳሰለውንና «ብዙ» የሚል ትርጉም ያለውን ሌላ ፊደል ተጠቀሙ፤ በታይዋን የሚታየው ይህ ነው። ይህ ሁለተኛው ፊደል የራሱ አሳዛኝ ታሪክ አለው። ሲማ ቺየን በጻፈው ታላቅ የታሪክ መጽሐፍ፣ በ209 ዓመተ ዓለም ያመፀው ቸን ሸ፣ በቅጥር ገበሬነቱ ዘመን ለሥራ ባልደረቦቹ «ከመካከላችን የከበረ ሌላውን አይርሳ» ብሎ ነበር። በነገሠ ጊዜ ከእነዚያ አንዱ መጥቶ ቤተ መንግሥቱን ሲያይ በቹ አገር ዘዬ «ሁዎ!» ብሎ ጮኸ፤ «እንዴት ያለ ብዛት ነው!» ማለቱ ነው። ሰውየው የድሮውን እያወራ ሲመላለስ ንጉሡን አሳንሷል ተብሎ ተገደለ፤ የቀሩትም የድሮ ሰዎች ሸሹ። ያ ፊደል ከዘመናት በኋላ የባልደረባ መጻፊያ መሆኑ የድምፅ መመሳሰል ብቻ ያመጣው አጋጣሚ ነው። ሆኖም የተከዳ ባልደረባ ጩኸት በውስጡ እንዳለ ካወቅሁ ወዲህ ፊደሉን ሳየው ያ ገበሬ ይታወሰኛል።

በ108 ሽፍቶች ታሪክ በሚታወቀው «የውኃ ዳር» በተባለው ልቦለድ ደግሞ፣ ከማኅበሩ መቀላቀል «ሩሁዎ» ይባላል፤ «ወደ ሁዎው መግባት» እንደማለት ነው። በዛሬው ንግግር የጋራ ማእድ ቤት ምግብ «ሁዎሺ» ነው፣ ገንዘብ አዋጥቶ አብሮ መነገድ «ኸሁዎ» ነው፣ ሽርክናውን ማፍረስ «ሳንሁዎ» ነው፣ የሱቅ ሠራተኛ «ሁዎጂ» ይባላል። ልጆች አብረዋቸው የሚጫወቱትን «ሺያው ሁዎባን» ይሏቸዋል፤ በ2013 በቻይና ኢንተርኔት ላይ ከአፍ ወደ አፍ የዞረ አንድ የተማሪ ድርሰት ዐረፍተ ነገርም «እኔና ትንንሽ ሁዎባኖቼ ሁላችን ደንግጠን ቀረን» የሚል ነበር። የሙላንን ሁለተኛ ስንኝ ለሚያውቅ ሰው፣ «ሁዎባን» እና «ደነገጡ» ከ1,500 ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና አጠገብ ላጠገብ ሲመጡ ማየት ያስደስታል።

ስለ ሌሎቹ የወዳጅነት ቃላት በአጭሩ ብቻ ልጥቀስ። «ፐንግዮው» በየዕለቱ የምንሰማው «ጓደኛ» ነው። «ጂዪን» ማለት «ድምፄን የሚያውቅ» ሲሆን፣ ቦ ያ የተባለው የበገና ደርዳሪ፣ ዜማውን የሚረዳለት ጆንግ ዚቺ ሲሞት አውታሮቹን በጥሶ ዳግመኛ እንዳልደረደረ ከሚናገረው ትረካ የመጣ ነው። «ቶንግጂ» አንድ ዓላማ ያለው ማለት ነው፤ በእኛ የአብዮት ዘመን «ጓድ» የተባለው እሱ ነው። ጂዪንን ልብ ይመርጠዋል፣ ቶንግጂን ዓላማ ይመርጠዋል። ሁዎባን ግን ሁኔታ የሚሰጥህ ሰው ነው፤ ከተሰጠህ በኋላ የምታበስለውም ከእሱ ጋር ነው።

መዝገበ ቃላትዎ «አጋር» ያለበት ምክንያት ከዲፕሎማሲው ነው። ኢትዮጵያና ቻይና በጥቅምት 2016 በእኛ አቆጣጠር ቤጂንግ ላይ ግንኙነታቸውን ከፍ ሲያደርጉ በአማርኛ «ስትራቴጂያዊ አጋርነት» ተብሎ የተነገረው፣ በቻይንኛው «ሁዎባን» የሚለው ቃል ያለበት ነው። ለመግለጫ «አጋር» ትክክል ነው፤ ለሙላን ግን አይሆንም፣ ከድንኳን የወጣ ሰው አይመስልምና።

ከሦስቱ ምርጫዎችዎ፣ «ጓደኛ» ሰፊ ስለሆነ እሳቱን ያጠፋዋል። «ጓድ» በሠራዊታችን የትንሹ ክፍል ስም ስለሆነ በአደረጃጀት በጣም ይቀርባል፤ ነገር ግን ዕድሜው ለደረሰ አንባቢ ወዲያውኑ በእኛ አቆጣጠር የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን ስብሰባ ያስታውሰዋል፣ ለገጠር ልጃገረድ ግጥም ያ ድምፅ ባዕድ ነው። «የምድጃ ባልደረባ» ብለው ቃል በቃል እንዳይመልሱትም እለምናለሁ፤ በአማርኛ ምድጃና ጉልቻ የትዳርና የጎጆ ምልክት ስለሆኑ፣ ሙላን ሴትነቷን ደብቃ በምትኖርበት ግጥም ላይ ያልታሰበ ትርጉም ያስገባሉ። የቻይናው እሳት ከቤት ርቆ በሜዳ የሚነድ ነው።

እኔ «ባልንጀራ»ን እመርጣለሁ። ብዙዎች «ባለ እንጀራ» ብለው የሚፈቱት ይህ ቃል፣ አብሮ መብላትን በውስጡ ይዞ፣ እንደ «ሁዎባን» ሁሉ አብሮ መብላቱ በማይታሰብበት ጊዜም የሚነገር ነው። በአንዱ እሳቱ፣ በሌላው እንጀራው፣ ሳይጠራ አለ። በዩዋን ጄን ግጥም ለነጋዴዎቹ «ሸሪክ» ማለት ይበልጥ የሚስማማ ቢመስልም፣ ሁለቱን ግጥሞች አጠገብ ላጠገብ የሚያወጡ ከሆነ እዚያም «ባልንጀራ» ይበሉ፤ የሁለተኛው ገጣሚ ምሬት ያለው ከመጀመሪያው በተዋሰው ቃል ላይ ነው። በሙላን ግጥም ስንኞቹን እንዲህ ብጽፋቸው ደስ ይለኛል፦

ከደጅ ወጣች፣ ባልንጀሮቿን አየች፤
ባልንጀሮቿ ክው አሉ ሁሉም፦
አሥራ ሁለት ዓመት አብረዋት ዘምተው
ሙላን ሴት መሆኗን አላወቁም።

«አብረው ሲጓዙ» የሚለውን «አብረዋት ዘምተው» ያደረግሁት፣ «ባልንጀራ» ያልያዘውን የጦር ሰፈር ትርጉም ግሡ እንዲሸከምለት ብዬ ነው። ስለ አሥሩ ሰውና ስለ አንዱ ድስት ደግሞ ከግጥሙ በፊት በሚጽፉት መግቢያ ሁለት ዐረፍተ ነገር ቢያኖሩ ይበቃል፤ አንባቢው በሩ ላይ ሲደርስ እሳቱን አስቀድሞ እንዲያውቀው።